የወይዘሮ ቡዜ ኮርሳን ዕረፍት እና በጸሎታቸው ላይ የሰጠነውን ፍርድ በተመለከተ

ወይዘሮ ቡዜ ኮርሳ በድንገተኛ ሕመም ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በነፋስ ስልክ ላፍቶ የረቡዕ የታዳጊዎች ጸሎት ኅብረት አባላት የሆንን ሁላችን በእናታችን ሞት በጣም አዝነናል። ከሐዘኑ ጋር ሐፍረትም አለብን። ሐዘናችንን ብቻ ጽፈን ሐፍረታችንን ብንተወው መግለጫው እውነት ስለማይሆን ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፈናል።

ወይዘሮ ቡዜ በጋሞ ደጋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ላፍቶ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ ባለው ቤታቸው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ልጆቻቸውን ክብረትንና ማሚቴን አሳድገዋል። የብዙዎቻችንን ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ቁመታችን ሲጨምር የሱሪውንና የቀሚሱን ጠርዝ ፈትተው ያስረዘሙልንም እሳቸው ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. ኅብረታችን ሲጀመር መሰብሰቢያ አልነበረውም። ወይዘሮ ቡዜ ረቡዕ ከሰዓት የስፌት መኪናቸውን ወደ ግድግዳው ገፍተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው ቤታቸውን ሰጡን።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ሲቀር፣ ራሳቸው በሰፉት ማስክ አፋቸውን ሸፍነው በየበራችን እየመጡ ከደጅ ቆመው ጸልየውልናል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ድምፅ አውጥተን መጸለይ የምናፍረውን አጠገባቸው እያስቀመጡ አለማመዱን። «ምን ያስፈራሻል? እሱ እንደ አስተማሪ አያርምሽም። ዝም ብለሽ ንገሪው» ይሉን ነበር። ዛሬ በሰው ፊት መጸለይ የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኅብረታችን ስለ ሥላሴ ተማረ። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ አምላክ እንደሆኑ ተማርን። ጸሎት ወደ አብ፣ በወልድ ስም፣ በመንፈስ ቅዱስ ርዳታ እንደሚቀርብም ተነገረን። ትምህርቱ ትክክል ነበር። ያጠፋነው ከትምህርቱ በኋላ ነው። ሰው ሲጸልይ አብረን መጸለይ ትተን ማዳመጥ ጀመርን። ስሞቹ ሁሉ መጠራታቸውን እንደ ክፍል ስም ጥሪ ተከታተልን።

ወይዘሮ ቡዜ ሲጸልዩ «ኢየሱሴ» ብለው ጀምረው «ኢየሱሴ» ብለው ይጨርሱ ነበር። አንድ ረቡዕ አስተባባሪያችን ወንድም ዳኜ በሁላችን ፊት «እማማ፣ እስቲ ዛሬ አብን ጠርተው ይጸልዩልንና እንስማ» አላቸው። ወይዘሮ ቡዜ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። እኛም ዝምታውን እንደ መልስ ወሰድነው። ጥያቄውን ያነሣው አንድ ሰው ቢሆንም «ተው» ያለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

በቀጣዩ ሳምንት ኅብረቱ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። ወይዘሮ ቡዜ በልጆች ላይ እጅ ጭነው እንዳይጸልዩም ተወሰነ። ውሳኔውን ሄዶ የነገራቸው አልነበረም። በዚያ ረቡዕ የስፌት መኪናቸውን ገፍተው፣ ምንጣፉን አንጥፈው እስኪመሽ እንደጠበቁን የሰማነው ቆይተን ነው።

ወሬውን ግን ለሌላ ሰው ነገርን። በትምህርት ቤት፣ በታክሲ ሰልፍና በቴሌግራም ግሩፓችን «እማማ ቡዜ ሥላሴን ክደዋል» ተባለ። ልጆቻቸውን እንዲጸልዩላቸው ይልኩ የነበሩ እናቶች መላክ አቆሙ። አሁንም የቀብሩን ጸሎት እንዲመሩ የተጠየቁ አገልጋዮች ቤተሰቡን «እምነታቸው ምን ነበር?» ብለው ጠይቀዋል፤ እንደሚመሩም እስካሁን አላረጋገጡም። ይህ ጥያቄ ከእኛ ወሬ የመጣ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀኒፋ በር ላይ አስቆሙን። ሁለቱ እናቶች በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው የኖሩ፣ በረመዳንም በፋሲካም አብረው የሚበሉ ነበሩ። ወይዘሮ ሀኒፋ ያሉንን እንዳለ እናቀርበዋለን፦

«ስንት ዓመት ሙሉ ‹አንቺ ቡዜ፣ ሦስት አትበይ፣ አላህ አንድ ነው› እያልኩ ስሟገታት አንድ ቀን እንኳን አልረታኋትም። ‹አንድ ነው እኮ የምልሽ› ትለኝና መልሳ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ብላ ትቆጥርልኛለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ያቃተኝን እናንተ በአንድ ረቡዕ ጨረሳችሁት? ምነው ዘዴውን ለእኔ ብትነግሩኝ!»

ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር፤ ወዲያው አለቀሱ። እኛ አንገታችንን ደፋን። ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም እንዳሉ ስንጠይቅ ወይዘሮ ሀኒፋ እንዲህ መለሱ፦ «እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹እነሱ እንዲሰሙኝ ብዬ ብጸልይ ጸሎት ይሆናል እንዴ?› አለችኝ። ደግሞም ‹ወልድን ስጠራው አብ የት ሄዶ ነው የማይሰማኝ?› ብላ ሳቀች። ማታ ግን ስታለቅስ በግድግዳው ሰምቻታለሁ።»

አንዱን የጠራ ሌሎቹን እንዳልተወ፣ ሦስቱ እንደማይለያዩ የተማርነው ትምህርት ውስጥ ነበር። የማይለያዩትን እንደተለያዩ የቆጠርን እኛ ነን። ለሥላሴ የቆምን መስሎን አንዲት እናት በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን እንዲጸልዩ አደረግን። በሕይወት ሳሉ ሄደን ይቅርታ አልጠየቅናቸውም። ይህን ከእንግዲህ ማስተካከል አንችልም።

ኅብረቱ በሙሉ ድምፅ፣ ወንድም ዳኜም ባለበት፣ በወይዘሮ ቡዜ ላይ የተናገረውን ቃል አንሥቷል። ወይዘሮ ቡዜ ኮርሳ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ አምነው ኖረዋል፤ በዚሁ እምነት ዐርፈዋል። ከዚህ የተለየ ነገር ከእኛ የሰማ ሁሉ ስሕተት ነው የሰማው። ለአገልጋዮቹም ይህንኑ ዛሬ ጠዋት በአካል ቀርበን ተናግረናል።

ለአቶ ክብረት፣ ከአርባ ምንጭ በመንገድ ላይ ላሉት ለወይዘሪት ማሚቴ፣ እንደ እህት ለሆኑላቸው ለወይዘሮ ሀኒፋ፣ አብረዋቸው ለሰፉ የሙያ ባልደረቦቻቸውና ለላፍቶ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አምላክ እንባችሁን ያብስ እንላለን። ለእኛ እንዲህ ያለ መጽናናት ቶሎ እንዲመጣ አንጠይቅም።

ይህን መግለጫ በለቅሶው ድንኳን ለማንበብ ፈቃድ ጠይቀን ነበር። አቶ ክብረት «ለእኛ ምን ታነቡልናላችሁ? እኛ እናውቃታለን። ያወራችሁበት ቦታ ሄዳችሁ አንብቡት» ብለውናል። ልክ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ረቡዕ የጸሎት ስብሰባ አይኖርም። አባላት ለሁለት ለሁለት ሆነን ወደ ትምህርት ቤታችን በር፣ ወደ ታክሲ ማዞሪያውና ልጆቻቸውን መላክ ወዳቆሙት እናቶች ቤት እንሄዳለን። ወሬውን ከእኛ ሰምታችሁ ለሌላ ሰው የነገራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህንንም ለዚያው ሰው ንገሩልን። ቀብሩ ነገ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ነው።

የረቡዕ የታዳጊዎች ጸሎት ኅብረት
ነፋስ ስልክ ላፍቶ