ጉሮሮዬን በማኅተም ላጸደቁልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ፍቅረ ሥላሴ
የተንቀሳቃሽ ዲጄዎች የሙዚቃ ቅጂ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ ያለኝን ከፍ ያለ ሰላምታ አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፄ ደግሞ ከእኔም በላይ ደህና ነው፤ ባለፈው እሑድ ደብረ ወርቅ ሠርግ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን እንደዋለ ከሠርገኞች ሰምቻለሁ። እኔ በዚያን ዕለት አማኑኤል ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ነበር።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ማንጠግቦሽ እባላለሁ። በአካባቢያችን የሠርግ ዘፈን አውጪ ነኝ። ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ ፊት ፊት እየሄድኩ የእሷን፣ የአባቷንና የእናቷን ስም እየጠራሁ ግጥም እሰጣለሁ፤ ተቀባዮች ይከተሉኛል። ሥራው ደሞዝ የለውም፤ ክብር ግን ነበረው። ዳስ ሳይጣል ሽማግሌ ይላክብኝ ነበር፤ እኔም አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ፣ ሁለተኛ ተለምኜ፣ በሦስተኛው ነጠላዬን አነሣ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤቴ ልጅ ጤናዬ ስትዳር፣ አበባው የሚባል ጨዋ ልጅ ስልኩን አፌ ሥር ደቅኖ ዘፈኔን ቀዳው። በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ሳሉም አብሮ ተቀዳ። ዛሬ ያ ልጅ ዲጄ አበባው ተብሎ፣ ሁለት ሞንታርቦ በባጃጅ ጭኖ፣ እኔን በፍላሽ ኪሱ ከትቶ ሠርግ ለሠርግ ይዞራል። መሥሪያ ቤትዎም የዘፈኖቹን ቅጂ መርምሮ ፈቃድ ሰጥቶታል። ከዘፈኖቹ አንዱ የእኔ ሲሆን፣ በባለቤቱ ስም ፈንታ «ባህላዊ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚል ተጽፎበታል። በቁሜ ባህል ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሌላው ሰው ለዚህ ማዕረግ እስኪሞት ይጠብቃል።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ያለ ቁጥር የተጻፈ ማመልከቻ ለመሥሪያ ቤት እንደሚከብደው ተነግሮኛልና።

አንደኛ፣ እኔን የሚጠራኝ ጠፋ። ድምፄ የማይረግጠው ቀበሌ የለም፤ ሙሽራ ያጅባል፣ አማት ያስለቅሳል፣ ሽማግሌ ያስነሣል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አንድ ሠርግ ላይ በእንግድነት ተጠርቼ ከሞንታርቦው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ይህቺን ዘፋኝ እግዜር ይባርካት፣ ምነው በአካል ባየኋት ብለው ተመኙ። እኔ ነኝ ብላቸው አይተውኝ አይተውኝ ጠጁ በዛብሽ አሉኝ። ጠጅ አልቀመስኩም ነበር።

ሁለተኛ፣ በቅጂው ውስጥ ያለው ስም የጤናዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

ጤናዬ ስትሄጂ ከእናትሽ ደጅ፣
የቀረ ሰው የለም ሁሉም ያንቺ ወዳጅ።

ይህ ግጥም ለአንዲት ልጅ ለአንድ ቀን የተሰጠ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ግን ለሁሉም ስላጸደቀው፣ እነሆ በአካባቢያችን የሚዳሩት ሴቶች ሁሉ ጤናዬ ሆነዋል። ይጁቤ ላይ በነበረ ሠርግ የሙሽራው እናት ጤናዬ ማን ናት ብለው ከልባቸው ጠየቁ፤ ልጃቸው ሌላ ሴት እንዳለችው ስለጠረጠሩ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጤናዬ የምትባል ሴት በፍላሽ ውስጥ እንጂ በሙሽራው ልብ ውስጥ እንደሌለች ተማምለው ተነሡ። ፈቃድ ያለው ስም ይህን ያህል ኃይል እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ስለ ሳሉ ነው። የዛሬ ኮረዶች ዘፈኑን የሚያውቁት ከሞንታርቦ ስለሆነ፣ ሳሉን የዘፈኑ አካል አድርገው ይዘውታል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ እኩል ይስላሉ። እቤቴ ድረስ መጥተው ሲለማመዱ አብሬአቸው ባወጣ፣ እዚያ ላይ ሳልስል ስላለፍኩ ተያዩና እትዬ፣ ተሳሳቱ አሉኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ይህንን ይዤ ነው በሚኒባስ ተሳፍሬ ቢሮዎ የመጣሁት፤ መቼም የእንግዳ አቀባበልዎን አልረሳውም። ድምፁ የእኔ ነው ብል ማረጋገጫ ጠየቁኝ፤ ማረጋገጫው አንገቴ ላይ ነው አልኩ፤ እስቲ ይዝፈኑ አሉኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየ ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ ዘፈንኩ። እርስዎም ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ቅጂውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ሲሰሙ ቆዩና ተመሳሳይነቱ አጠራጣሪ መሆኑን፣ ቅጂው ጠራ እንደሚልና ጉልበት እንዳለው፣ በተለይም ሁለት ቦታ ላይ የሚሰማው ሳል በእኔ ዘንድ እንደማይገኝ በትሕትና ገለጹልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ጉንፋን ይዞኝ እንደነበር ባስረዳም የሕክምና ማስረጃ አልነበረኝም። ስወጣ ደግሞ ለወደፊቱ እንዲጠቅመኝ ብለው፣ ዲጄ በሚሠራበት ሠርግ ላይ በዝርዝሩ ያልጸደቀ ዘፈን ማሰማት ደንብ መተላለፍ መሆኑን መከሩኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን አጥሩን ሳይነኩ ባለቤቱን ብቻ ነቀነቁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀንቻለሁ። ሴት በጣውንቷ ትቀናለች፣ ገበሬ በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፤ እኔ በራሴ ድምፅ ቀናሁ። እሱ አያረጅም። ጉልበቱን አያመውም፤ ዳገት ሲወጣ አያርፍም። ሽማግሌ ሳይላክበት ይሄዳል፤ እምቢ ማለትም አያውቅም። ባጃጁ በደጄ ሲያልፍ ከውስጡ ስዘፍን ራሴን እሰማለሁ፤ ያኔ የያዝኩትን ጥዬ በሩን እዘጋለሁ። እንዲህ ዓይነት ቅናት ለንስሐ አባት እንኳ ለመናገር ያሳፍራል።

ለቀጣዩ ቁጥር አልሰጠውም፤ ከሌሎቹ ጋር የሚደረደር አይደለም።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ትሕትና ትባላለች። ምናለ የሚባል መልካም ልጅ አጭቷት ጥር ውስጥ ትዳራለች። ለሌላ ሰው ልጅ ስዘፍን የኖርኩት ሁሉ ለዚያች ቀን መለማመጃ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። የእሷን ግጥም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስሰበስበው ኖሬአለሁ። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወልቅ አንድ ስንኝ ገባበት፤ ኩፍኝ ይዟት ስትድን ሌላ ገባ። አባቷ ደመላሽ ሲያርፍ፣ እሱ በሕይወት ቢኖር በሠርጓ ቀን ይላት የነበረውን እኔ ስለምልላት የእሱንም ቃል ጨመርኩበት። ከእኔ በቀር የሰማው የለም፤ የትኛዋም ሙሽራ ግጥሟን ከቀኑ በፊት ሰምታኝ አታውቅምና ልጄም አልሰማችም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሠርጓ አበባውን እንዳነጋገረችው ነገረችኝ። ፊቴ ሲለወጥ አይታ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ አንቺ በዚያን ቀን አትድከሚ። ድምፅሽ እኮ አለ።»

በፍቅር ነው ያለችው። የሚያሳዝንዎን ሰው ይቆጡታል፤ የሚያዝንልዎን ሰው ግን ምን ይሉታል? ስለዚህ እንግዲህ ልጄ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ የገዛ እናቷ ድምፅ የሌላ ሴት ልጅ ስም እየጠራ፣ በደመላሽ ፈንታ የጤናዬን አባት እያመሰገነ፣ እናቷ ደግሞ ግድግዳ ተደግፋ እያዳመጠች ልትሸኝ ነው። ሁሉም ሕጋዊ ይሆናል። ማኅተምም አለው።

ክቡር ሆይ፣ የአበባውን ፈቃድ ይሰርዙ አላልኩም። እናቱን የሚጦር ልጅ ነው፤ ሞንታርቦውም ለጭፈራው ይሁን፣ ወጣቱ ይጨፍርበት። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለማመልከት ሳይሆን ለማሳወቅ ነው። ትሕትና የቤቴን ደፍ በምትሻገርበት ሰዓት ያ ሞንታርቦ ዝም ይላል፤ አበባው በፈቃዱ ካላጠፋው ገመዱን እኔ እነቅለዋለሁ። ከዚያም ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ፈቃድ፣ በዝርዝርዎ ውስጥ የሌለ፣ ያልተመረመረና ያልጸደቀ ዘፈን አወጣለሁ። ልጄን በስሟ እጠራታለሁ። አባቷንም እጠራዋለሁ። ድምፄ ቢሰነጠቅ ይሰንጠቅ፤ ባለቀስኩበት ቦታ ላይ ተቀባዮች ይጠብቁኛል። ለዚህ የሚከፈል ቅጣት ካለ ለእኔ ይጻፍልኝ፤ ልጄ አታውቅም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ከነሥልጣንዎ ያርዝምልዎ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ፣ ጆሮዎንም ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ትሑት ተገልጋይ
ማንጠግቦሽ ሙላት
ከአማኑኤል

ማስታወሻ፦ ለልጄ ሠርግ ከነባለቤትዎ ተጠርተዋል፤ የክብር ቦታም ተይዞልዎታል። ሥራ በዝቶብዎ መምጣት ካልቻሉ ግን አይጨነቁ፤ ፎቶግራፍዎን ይላኩልን። ወንበሩ ላይ አስቀምጠን፣ ጠጁን በብርሌ፣ ሥጋውን በሳሕን እናቀርብለታለን፤ ለሚጠይቀንም ሁሉ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ተገኝተዋል እንላለን።