አዴር ሮብሌ እጃቸውን የዘረጉበት ጠዋት

ሐርተሼክ፣ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ ከተማ፣

ይህን ደብዳቤ እንደከፈቱ ቀይ እስክሪብቶዎን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ይፈልጉ፣ ስህተት ያገኙበትን ሁሉ ያስምሩበት። ሳጋል ዳሂር ነኝ። በ1997 ጅግጅጋ ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ፣ «ይህች ልጅ ከምትናገረው የምትጽፈው ይሻላል» እያሉ በክፍሉ ፊት ያሾፉብኝ ሳጋል። ያኔ «አንተ ቲቸር» ስንልዎት ይስቁ ነበር። ዛሬ እኔም የአማርኛ መምህርት ሆኛለሁ፤ አንቱታውን በደንብ ስለተማርኩ በእርስዎ ላይ ልሞክረው።

የምጽፍልዎት የምሥራች ስላለኝ ነው። ከምሥራቹ በፊት ግን የምናዘዘው ነገር አለ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖሬአለሁ።

የፀረ ሲጋራ ክበብ ኃላፊ እንዴት እንደሆኑ ያስታውሳሉ? ስብሰባ አርፍደው ገቡ፣ መምህራኑ ደግሞ በሌሉበት መርጠው ጠበቁዎት። የት እንደነበሩ ማንም አልጠየቀም። በኋላ ራስዎ እንደነገሩን ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ቆመው ሲያጨሱ ነበር። እስካሁን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ክበቡ ግን ቀልድ አልነበረም። ያን ዓመት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ከአጥሩ ኋላ ያጨሱ ነበር። በር ላይ ያለችው ባለሱቋ ማርዎ ሲጋራ በፍሬ እየመዘዘች፣ ከማስቲካው ጎን አስቀምጣ ትሸጣለች። እኛ ዘጠኝ አባላት መፈክር ጽፈን ለጠፍን፤ ያነበበልን የለም። አንዱ እንደውም ወረቀቱን ቀድዶ ኳስ ሠራበት።

ከዚያ ተማሪው ሁሉ «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ዘበኛችን ሮብሌ መጡ። አንድ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ እርስዎ «ከትልልቆቹ መካከል ለማቆም ቃል የሚገባ አለ?» ብለው ጠየቁ። መምህራኑ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አዴር ሮብሌ ዱላቸውን ከበሩ ጋር አስደግፈው እየተንጎራደዱ መጡና በዚያ በሚጎረብጠው አማርኛቸው፣

«እኔ ሠላሳ ዓመት አጨስኩ። ሳል አያስተኛኝም። ልጅን አታጭስ እላለሁ፣ ልጅ ይስቃል። እሺ፤ ዛሬ ተውኩ፣ ወላሂ። ግን እኔ ራሴን አላምነውም። እናንተ ጠብቁኝ። ጠዋት ጠዋት እጄን አሽትቱ። ከሸተተ ለሁሉም ንገሩ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት የምንገባው ቀኝ እጃቸውን እያሸተትን ሆነ። ቀኑን በዘበኛ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ እንጽፋለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥረኛው ላይ ማርዎ «ዩኒፎርም ለለበሰ አልሸጥም» አለች። ሃያኛው ላይ ሲጋራውን ጭራሽ ከሱቁ አወጣችው። የቀብሪበያ መስመር ሾፌሮች መኪና እያቆሙ «ዛሬ ስንት ደረሰ?» ይሉን ጀመር፤ ሁለቱ ደግሞ የራሳቸውን እጅ በመስኮት አውጥተው አስሸተቱን። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሳቸው ከወደቁ ሁላችንም እንደምንወድቅ ሕፃን እንኳን ያውቀዋል።

አሁን ኑዛዜው። እኔ በአፍንጫዬ የታወቅኩ ነበርኩ። ደብተር ሲመልሱልኝ ከእጅዎ የሚንት ከረሜላ ይሸተኛል፤ ከከረሜላው ሥር ደግሞ ሲጋራ። ቆጠራው በተጀመረ ገና በሦስተኛው ሳምንት አውቄ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ከቤትዎ መጽሐፍ እያመጡ የሚያስነብቡኝ፣ አባቴን «ይህችን ልጅ ከትምህርት እንዳያስቀሯት» ብለው የለመኑልኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎን ማጣት ፈራሁ።

ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት ላይ የክበባችን አባል ዐቦኮር ዘበኛ ቤት ጠመኔ ሊያመጣ ገብቶ ከሻይ ፔርሙሱ ጀርባ ግማሹ ያለቀ የሲጋራ ፓኬት አገኘ። ዐቦኮርን ያውቁታል፤ የሚጮኽበት ካገኘ አይለቅም። ግቢው በአንድ ጊዜ ተሰበሰበ። አዴር ሮብሌ ፓኬቱን አዩት፣ እኛን አዩን። «የእኔ አይደለም» አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ርእሰ መምህሩ «ሕፃናትን ያታለለ ዘበኛ ለዚህ ግቢ አያስፈልግም» ሲሉ ዱላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ተመለሱ። ዐቦኮር በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በእጅጌው ጠረገው። በማግስቱ ማርዎ ሲጋራውን መልሳ ከማስቲካው ጎን ደረደረችው።

እኔ ደግሞ ፓኬቱ ውስጥ የተጠቀለለ አረንጓዴ የከረሜላ ወረቀት አየሁ። የማን እንደሆነ አወቅሁ። አወቅሁና የክበቡን መዝገብ ከፍቼ በዚያ እርስዎ በሚያደንቁት ጽሕፈቴ «ሮብሌ ወድቋል» ብዬ ጻፍኩ። አዴር እንኳን አላልኩም። መምህሬ፣ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አዴር ሮብሌ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ተማሪው በጎናቸው ያልፋል፤ የሚያሸት የለም። አንዷ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ስትል እህቷ ጎትታ ወሰደቻት። እኔም አለፍኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላጠፉትም። እርስዎ በዚያች ደቂቃ ገቡ። ቆመው አዩአቸው። ፊትዎን አየሁት፤ ይሸሻሉ ብዬ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው።

ባንዲራው ሲሰቀል ፓኬቱን ከርእሰ መምህሩ እጅ ተቀብለው ደረጃው ላይ ወጡ።

«ይህ የእኔ ነው» አሉ። «አዴር ሮብሌ ምንም አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ሰላም ልላቸው እየገባሁ፣ ክፍል ይዤው መግባት ስለማፍር፣ እሳቸው ጋ ደብቄ እወጣ ነበር። እናንተን አታጭሱ እያልኩ የማጨሰው እኔ ነኝ። ትናንት ሲጮኽባቸው እዚያ መስኮት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰምቼ ዝም አልኩ። ከሲጋራው ይልቅ ይሄ ያሳፍረኛል።»

አዴር ሮብሌ ከበሩ ተነሥተው በዘጠኝ መቶው ተማሪ ሰልፍ መሃል አቋርጠው መጡ። ይመቱዎታል ብለን ነበር። የእርስዎን ቀኝ እጅ ያዙ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ፊታቸውን አጨፈገጉና በኃይል፣

«ኡፍ! ዜሮ!» ብለው ጮኹ።

ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ ጅግጅጋ ውስጥ ዳግመኛ አልሰማሁም። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሄደው አዴር ሮብሌን ይቅርታ ጠየቁ። ዐቦኮር እየሮጠ ሄዶ በሩ ላይ «ሮብሌ 39» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም «ከተማ 0»። ከሰዓት በፊት ማርዎ ሲጋራዋን በካርቶን ተሸክማ ወደ አከፋፋዩ ስትመልስ አየናት።

በማግስቱ በሩ ላይ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ጠበቀን። ከሳምንት በኋላ ስድስት ሆነ። ከአጥሩ ኋላ ያጨሱ ከነበሩት ልጆች አራቱ መጥተው ተሰለፉ፤ እነሱን መፈክር አላመጣቸውም፣ እርስዎ ናቸው ያመጧቸው።

ትምህርት ሲዘጋ እርስዎ ሰባ አንድ ላይ ነበሩ፤ ዝውውርዎ ደርሶ ሄዱ። አንገትዎን ደፍተው ነበር የሄዱት፤ በሌሎቹ ሱቆች ሲጋራው አሁንም ይሸጥ ስለነበር የተሸነፉ መስሎዎት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እንግዲህ ያላዩትን ልንገርዎት። አዴር ሮብሌ ዓመት ሲሞላቸው ፍየል አርደው ግቢውን በሙሉ አበሉ። ማርዎ በመንገዱ ያሉትን ስድስት ሱቆች አንድ በአንድ ዞራ አሳመነች፤ አሥረኛ ክፍል ስደርስ አንድ ፍሬ ሲጋራ የፈለገ ተማሪ መናኸሪያ ድረስ በእግሩ መሄድ ነበረበት። ያ ጯሂ ዐቦኮር አይሻ ወረዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኗል፤ ሊያቆሙ የሚፈልጉ ሰዎችን ወረፋ አስይዞ ያማክራል፣ አሁንም ይጮኽባቸዋል አሉ። እዚህ ሐርተሼክ ደግሞ የእኔ ክበብ አለ። ስንጀምር ሰባት ነበርን፣ ዘንድሮ ስድሳ ሦስት ደርሰናል፤ ከመካከላችን አሥራ አንዱ ያጨሱ የነበሩ ናቸው። አሸንፈናል፣ መምህሬ። እርስዎ ሳያዩት አሸነፍን።

ባለፈው ወር በሚኒባስ ቀብሪበያ ወረድኩ። አዴር ሮብሌ ከልጃቸው ጋር እዚያ ነው የሚኖሩት። መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን፣ እያወቅሁ እንደጻፍኩት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻያቸውን እየጠጡ ሰሙኝ።

«የማን እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ከሥራ ሊያባርሩዎት ነበር እኮ!»

«እኔ ስሙን ብጠራ ያፍራል፣ ይሄዳል። ሲጋራውንም ይዞት ይሄዳል። ራሱ ከመጣ ሲጋራው ይቀራል።»

«ባይመጣስ?»

«መጣ አይደል?» አሉና ሳቁብኝ። «አንቺም ይኸው መጣሽ። ዘግይተሽ ነው እንጂ።»

እዚያው አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ ለቅሶ አይወዱም፣ ተቆጡኝ። ልሄድ ስነሣ ብቻ እጄን ይዘው፣ «ያ መምህር ተመልሶ አጨሰ?» ብለው ጠየቁኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማወቅ የፈለጉት ይሄን እንደሆነ ከድምፃቸው ገባኝ።

«አላጨሰም» አልኳቸው። እርስዎን ሳልጠይቅ፣ አድራሻዎን እንኳን ገና ሳላገኝ፣ በእርስዎ ፈንታ በልበ ሙሉነት መለስኩላቸው። በዘጠኝ መቶ ልጅ ፊት «የእኔ ነው» ያለ ሰው ይመለሳል ብዬ አላምንም። እሳቸውም አምነውኝ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ስልክ ቁጥራቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ለእኔ ይጻፉልኝ፤ እንደገና ከዜሮ አብረን እንጀምራለን። ካልተሳሳትኩ ግን ለእኔ አይጻፉ፤ ለእሳቸው ይደውሉላቸው።

አክባሪ ተማሪዎ፣
ሳጋል ዳሂር