የቤታችን ኔትዎርክ ተስተካክሏል

አዳማ፣ ፍራንኮ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኮከብ፣

«እኔም እናትሽም ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልሽ እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ የላክሁልሽ መልእክት ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነበር። ዛሬ ግን ደክሞኛል። አሳምሬ የምጽፍበት ጉልበት የለኝም፤ የሆነውን እንደሆነ ልንገርሽ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ጎረቤታችን ቀመሪያ ናት። ለእረፍት መጥታ ነበር፣ ቅዳሜ ወደ ኩዌት ትመለሳለች። ወረቀት እንድታደርስልኝ ስለምናት «አባባ፣ አሁን እኮ ቤትዎ ፋይበር ገብቷል፤ በስልክ አይጽፉላትም?» ብላ ሳቀች። ምን ልበላት? ስልክ ይዤ መጻፍ ስጀምር እናትሽ መጥታ ፊቴ ላይ ትደቀናለች። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከአፌ አንድ ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ሐሳቤን ሁሉ የምትለቅመው ከፊቴ ነው። ወረቀት ላይ ስጽፍ ግን የእድሩ ቃለ ጉባኤ ይመስላትና ትተወኛለች። አሁንም ጓዳ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

በየእሑዱ የቪዲዮ ጥሪያችን ምን ያህል እንደተሠቃየን አንቺም ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው ምስሉ ሲቆምበት በድምፅ ያወራል፣ ድምፁም ሲቆራረጥ ጽፎ ይልካል። እናትሽ ግን በአምስት ዓመቷ በማጅራት ገትር መስማት ካቆመች ወዲህ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ድምፅሽን አትሰማ፣ ጽሑፍሽን አታነብ። ያላት ሦስታችን ብቻ የምንግባባበት የእጅ ቋንቋ ነው። እጅሽ ስክሪኑ ላይ ሲቆም ለእሷ ወሬው ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

የሰኔውን እሑድ ታስታውሺያለሽ? «አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ» ልትያት ጀምረሽ «አሞኝ» የሚለው ላይ እጅሽ ደረትሽ ላይ እንዳለ ምስሉ ደረቀ፤ ከዚያ መስመሩ ጭራሽ ተቋረጠ። «ድኛለሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝን በእጄ ብነግራት አላመነችኝም። «አንተ እኔ እንዳልጨነቅ ትዋሻለህ» አለችኝ። እስከ ረቡዕ ድረስ ከሻይና ከቁራሽ ዳቦ በቀር እህል አልቀመሰችም። ይህን ነገር ማስተካከል አለብኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የነበረንን መስመር ለማስጠገን የቴሌኮም ቢሮ ተመላለስኩ። እውነቱን ነው የነገሩኝ፤ ወደ ቤታችን የሚገባው አሮጌ የመዳብ ሽቦ ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ተቀጥሏል፣ የአዳማ ነፋስ ምሰሶውን ባወዛወዘው ቁጥር መስመሩ ይደክማል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ዲበኩሉ ደግሞ «ምን ያንከራትትሃል፣ ሲም ካርድ የሚገባበትን ራውተር ግዛና ተገላገል» አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ሌላኛው ድርጅት ሱቅ ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ሃዊ የምትባል ሻጭ ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ ሐሳቧ መሸጥ ብቻ አልነበረም።

«አባባ፣ ቤትዎ የት ጋ ነው?»

«ፍራንኮ፣ ከአዲሱ ፎቅ ጀርባ።»

«እንግዲያው ሳይከፍሉ ወስደው ይሞክሩት። ደግሞ ጠዋት ጠዋት አይደለም፣ በሚፈልጉበት ሰዓት ይሞክሩት።»

ቅዳሜ ጠዋት አንደኛ ነበር። እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ሲሰበሰብና ሁሉም ስልኩ ላይ ሲቀመጥ ያው የድሮው ሆነ። ሰኞ መለስኩላት።

የቀረው ፋይበር ነበር። ገመዱ አስፋልቱ ድረስ መጥቷል፣ ወደ እኛ ቅያስ እንዲገባ ግን ስምንት አባወራ መመዝገብ አለበት ተባልኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ወረቀት ይዤ የሰው በር ሳንኳኳ ከረምኩ። አንዱ «ልጆቼን ሊያበላሽብኝ ነው» ይላል፣ አንዷ «ባለቤቴ ከወለንጪቲ ሲመለስ ይነጋገሩ» ትላለች፣ ሌላው ፈርሞ በማግስቱ ሰርዙኝ ይላል። እናትሽ አብራኝ ትዞር ነበር። አንድ ቀን የውሃ መውረጃውን ቦይ አላየችውም፣ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ለምን ትቸኩያለሽ ብዬ ተቆጣኋት። በሌላ ቀን ከቆመ ባጃጅ ጋር ተጋጨች። እሱንም እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ስምንተኛው ፊርማ የተገኘው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቶኩማ የሚባል ቴክኒሻን መጣ። «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ረጋ ያለ፣ ጠጉሩ ሽበት የጀማመረው ሰው ነው። ገመዱን አስገባ፣ ፍጥነቱን ለካ፣ «ከእንግዲህ ቢቆምብዎ እኔን ይጥሩኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

የዚያን እሑድ ቢጫ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። ልጄ፣ አገጭሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አየኋት። ስለ ክሊኒካችሁ አዲሷ አለቃ ነገርሽን፣ ስትኮፈስ አስመሰልሽልን፣ እኔ ከወንበር ልወድቅ እስክደርስ ሳቅሁ። እናትሽም ሳቀች፣ «አየሁሽ፣ አምረሻል» አለችሽ። አንቺም ደስ ብሎሽ ተሰናበትሽን።

ታብሌቱን እንደዘጋሁት ክንዴን ነካ አደረገችና «ምን አለች?» አለችኝ።

«አብረሽ አይተሽ የለም እንዴ?»

«እጇ ይቆረጣል። ይመጣል፣ ይጠፋል። ኔቱ ነው።»

ተናደድኩ። አልደብቅሽም፣ እጄን እያወራጨሁ «ኔቱ ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩባት፤ እኛ ቤት መጮህ ማለት እንደዚያ ነው። በማግስቱ ቶኩማን ጠራሁት። ተራዬ አልነበረም፣ ሆኖም በምሳ ሰዓቱ መጣ። ሳጥኑን አየ፣ ለካው፣ ምንም አላገኘም። ከዚያ በራሱ ስልክ ወደ ታብሌታችን ደወለና በረንዳ ወጥቶ እጁን አወዛወዘላት። «ቆመ» አለች በምልክት። እኔ ግን ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ቶኩማ ተመልሶ ገባ። ታብሌቱን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። ከጎኗ ቆሞ እጁን ከጆሮዋ አጠገብ ወደ ፊት ቀስ እያለ አመጣው። ጉንጯን አለፈ፣ ዝም። አፍንጫዋ ፊት ሲደርስ ብቻ ደንግጣ ራሷን ሸሸት አደረገች። እንደማትሰማው እያወቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። እናቴንም እንዲህ አድርጓት ነበር፤ ነገ ሳይሉ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት» አለኝ።

ግላኮማ ነው አለችን ሐኪሟ። የቀኝ ዓይኗ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ግራው የሚያየው በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው መሐል መሐሉን ነው፤ እጅሽ ከመሐል ሲወጣ የተቆረጠ የሚመስላት ለዚያ ነው። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይ እንደሆነ ነው። ምን ያህል ጊዜ ያቆየዋል ብዬ ጠየቅኳት። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለችኝ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለሽቦ ተመላለስኩ። ዓይኗን ለማስመርመር አንድ ቀን አልወጣሁም።

እሷ ግን ታውቅ ነበር፣ ኮከብዬ። ከዓመት በላይ ሆኗታል። መርፌ ላይ ክር የምታስገባው በጣቷ እየዳሰሰች እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «እናንተ ኔቱ ነው አላችሁ። እኔም ኔቱ ነው እያልኩ አብሬያችሁ ጠበቅሁ» አለችኝ። ቀጥላ ደረቴ ላይ ጣቷን ተክላ አስማለችኝ፦ «ለኮከብ እንዳትነግር። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ኔትዎርኩ ተስተካክሏል፣ በደንብ እያየሁሽ ነው ብለህ ብቻ ጻፍላት።» እሺ ብዬ ማልኩላት። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፤ በደሉ የእኔ ነው፣ አንቺ እንደማታውቂ ሁኚላት።

ስትደውዪ ጥቁር ነገር ልበሺ፣ ከኋላሽ ነጭ ግድግዳ ይሁን፣ እጅሽን ከአገጭሽ ብዙ አታርቂው። ቀስ በይ። ከስክሪኑ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ትንሽ ሆነሽ ስትታዪ ነው ሙሉ የምታይሽ። ጠብታውን በቀን ሁለቴ እኔ ነኝ የማደርግላት፤ ደውለሽ አስታወስከው ወይ አትበይኝ፣ አልረሳም።

አንድ ነገር ደግሞ ጀምረናል። አመሻሽ ላይ ቤቱ ጨለም ሲል ምልክቱን እጇ ውስጥ እሠራላታለሁ፣ ጣቶቼን በጣቶቿ ይዛ ትከተላለች። መጀመሪያ አፍራ እጇን ነጠቀችኝ። ትናንት ግን ያንቺን ስም በመዳፏ ላይ ሳደርግላት ወዲያው ገባት፤ ደጋግሜ እንዳደርገው እጄን ይዛ አስቀረችኝ። የግራ ዓይኗም የሚጠፋበት ቀን ከመጣ የምንነጋገረው በዚህ ይሆናል። እኔ አጠገቧ ስላለሁ ይሆንልኛል። በታብሌት ግን እጅ አይጨበጥም።

ነይ አላልኩሽም፣ ልጄ። ውልሽንም ሥራሽንም አውቃለሁ። የዓመት ፈቃድሽ የሚደርሰው ከፋሲካ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የደከምሽበት ይባረክልሽ። ክፉ አይይሽ፤ እመቤታችን በሰው አገር እናትም እህትም ትሁንሽ።

ሁሌም የሚወድሽ አባትሽ
ገብረወልድ