ስለ ተዘረጋው እጅና ስለ ሽማግሌዎቻችን ሳል

ለክቡር የደብረ ማርቆስ ከተማ የጣሊያን የጤና ሹም፣

በዚህ ብርዳም ወር የክቡርነትዎ ደረት ሳል ሳያውቅ፣ እንቅልፍዎም ሳይቆራረጥ እንዲከርም ከልብ እመኛለሁ። የእኛ ሽማግሌዎች ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይስላሉ።

አንደኛ፣ በሽታ በመሳሳም ይተላለፋልና ሽማግሌ ሁሉ መሳሳም ትቶ፣ በእናንተ ሥርዓት ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ እንዲሰጥ ስላዘዙ እናመሰግናለን። የጎደለው ምክንያቱን በቋንቋችን የሚነግረን ሰው ብቻ ነበር። ወታደርዎ በገበያው በር ለአርአያ እጁን በዘረጋ ጊዜ፣ በአገራችን እንዲህ እጁን የሚያነሣ የሚባርክ ነውና፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን «ይፍቱኝ አባቴ» ብለው አጎንብሰው መዳፉን ተሳለሙ። ከኋላቸው የነበሩትም አረጋውያን በረከቱ እንዳያመልጣቸው በየተራ ተሳለሙ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሐምዱ በበኩላቸው ዱዓ የተጀመረ መስሏቸው፣ ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው «አሚን» የሚሉበትን ሰዓት ይጠባበቁ ጀመር። ወታደሩ ሰላምታውን የመለሱለት መስሎት ሐጂው እጃቸውን እስኪያወርዱ፣ ሐጂውም ዱዓው እስኪያልቅ ሲጠባበቁ ገበያተኛው ሁሉ ሥራ ፈቶ ቆመ። ወታደሩ ሳል ይዞት እንደ ነበር የታወቀው በማግስቱ፣ የተሳለሙት ሁሉ ሲስሉ ነው።

ሁለተኛ፣ መሰብሰብ በሽታ እንደሚያመጣ ለማስተማር ሽማግሌዎቹን ባንድ የእህል መጋዘን ሰብስበው በሩን ስለ ዘጉባቸው ምስጋናችን ወሰን የለውም። ትእዛዝዎ «ሳል የያዘው ሁሉ ይግባ» ይላል፤ ያልያዛቸውም እነ ሐጂ ሐምዱ እንዳይዛቸው ተብለው አብረው ገብተዋል። መጋዘኑ መስኮት የሌለው ትምህርቱ ሾልኮ እንዳይወጣ መሆኑን ተረድተናል። አስተማሪው በጣሊያንኛ ብዙ ተናግሮ ሲያበቃ፣ አስተርጓሚው «ጌታው ተቆጥተዋል» ብሎ ባጭሩ ተርጉሞላቸዋል።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። እማሆይ ወለተ ኪዳን በዚያ መጋዘን በትኩሳት ተኝተዋል፤ ትናንት በበሩ ስንጥቅ «የባረከኝ ልጅ ተሻለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በሩን ያስከፍቱልን። የታመመውን ካልታመመው እንለያለን፣ ስንስል አፋችንን በነጠላ እንሸፍናለን፣ እጃችንን እንታጠባለን። የጎጃም ሽማግሌ ለምን እንደ ሆነ ከተነገረው እምቢ አይልም።

በዚያ ዕለት ገበያ ባለመውረዱ ያልተባረከ፣ ስለዚህም ያልታመመ፣ እጁን ሳይዘረጋ እጅ የሚነሣ፣

ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል
የደብረ ማርቆስ የአገር ሽማግሌ
ኅዳር ፲፱፻፴ ዓ.ም.

የተረሳ ቃል፦ ክቡርነትዎም ከትናንት ጀምሮ መሳል እንደ ጀመሩ ሰምተን አዘንን። ትእዛዝዎ «ሁሉ» ይላልና፣ በመጋዘኑ ውስጥ ከሐጂ ሐምዱ ጎን ንጹሕ አጎዛ አስነጥፈን እየጠበቅንዎት ነው።