እጅ ካልተወዛወዘለት የማይበራው መብራት

ለተከበሩ የሕንፃዎች መብራት እድሳት ክፍል ኃላፊ

ጌታዬ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ዓይንዎስ ደህና ነው? እኛ ዘንድ ዓይን ሁሉ ታሞ ስለከረመ ነው መጠየቄ።

ከሰላምታዬ አስከትዬ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልንገርዎ። እኔ፣ ሰው ፊት ጮክ ብዬ መሳቅ የማልደፍር ባሌ የሞተብኝ ሴት፣ በየማታው ደረጃ ላይ እጨፍራለሁ። እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚበራውን ዘመናዊ ኤልኢዲ በደረጃችን አናት ላይ ስላስገጠሙልን፣ ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አንሥቼ ካላወዛወዝኩለት መኖሬን አያምንም። አመሰግናለሁ፤ ሐኪሜ ትከሻሽን አንቀሳቅሺ ሲለኝ እምቢ ብዬው ነበር።

አሁን ደግሞ በፈረሙበት ደብዳቤ፣ በገዛ እጄ የደረጃው መታጠፊያ ላይ የሰቀልኳት ተራ አምፖል ከመመሪያ ውጪ ናትና ትነሣ ብለውኛል። ስለ መብራት ዓይነቶችና ስለ አገልግሎታቸው የቀሰምኩትን አስቀድሜ ላቅርብልዎ። መምህሮቼ ሠራተኞችዎ የጣሏቸው ባዶ ካርቶኖች ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ ስለማይሆንልኝ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሠራተኞችዎ ቶሎ እንዲሰቅሉ እንጂ እንዲያነቡ ስላልታዘዙ አይፈረድባቸውም።

አንደኛ፣ ፓውዛው። ካርቶኑ ለኳስ ሜዳና ለመጋዘን ግቢ ይላል፤ እርስዎ ግን ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ተከሉልኝ። ዓይኔን ስጨፍን የዓይኔን ቆብ ከውስጥ በኩል አየዋለሁ። የጎረቤት አውራ ዶሮ መቼ መጮህ እንዳለበት ግራ ስለገባው ለጥንቃቄ ሲል ሳያቋርጥ ይጮሃል። ለኳስ ሜዳው ደግሞ የደረሰው የእኛ ደረጃ መብራት ወንድም ነው አሉ፤ ቆሞ የጠበቀ እንደሆነ ስለሚጨልምበት፣ ኳሷ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ስትሆን እንኳ ግብ ጠባቂው ብቻውን ሲዘል ያመሻል። ቡድኑ ቢሸነፍም እሱ ሸንቀጥ ብሏል።

ሁለተኛ፣ ስፖት ላይቱ። የወርቅ ቤት መስታወት ውስጥ ቀለበት እንዲያሳምር የተሠራ ጠባብ ጨረር ነው፤ ያረፈው ቆሻሻ ገንዳችን ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አምሮበታል። የሽንኩርቱ ልጣጭ ሲያብለጨልጭ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል፤ አንዲት ድመትም ከጨረሩ መሐል ተቀምጣ ዋጋዋን የሚጠይቃት ገዢ ትጠብቃለች።

ሦስተኛ፣ ቀለሙን እየቀያየረ የሚበራው ተለጣፊ። ለጭፈራ አዳራሽ የታሰበው ይኸ መብራት ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ክፍል ውስጥ ተለጠፈ። ልብስ ሰፊ ክርን ከጨርቅ የሚያመሳስልበት፣ ቀለም የማያዛባ ነጭ ብርሃን ነው የሚያስፈልገው። «እትዬ፣ ማታ ስሰፋው ግራጫ ነበር እኮ» እያለ በአረንጓዴ ክር የሰፋውን ሱሪ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አሳየኝ። ባለሱሪው ሙሽራ ነበር፤ አሁንም ሙሽራ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ቀልድ አይመጣልኝም። የደረጃችን መብራት ካርቶን «ሰው ቶሎ ለሚያልፍበት መተላለፊያ» ይላል። አብረውኝ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት ቶሎ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። አንዱን እግራቸውን አስቀድመው ሌላውን እስኪያስከትሉ መብራቱ ድርግም ይላል፤ እጃቸው ደግሞ ከመደገፊያው ብረት ስለማይላቀቅ ሊያወዛውዙለት አይችሉም። «አንቺዬ፣ ይኸ መብራት የሞትኩ መስሎታል» ይሉኛል ከጨለማው ውስጥ እየሳቁ። እኔ አልስቅም።

ደብዳቤዎ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ደጋግሞ ይመክረኛል። ቁጠባን አውቃታለሁ፣ ጌታዬ። ባለቤቴን መብራት አታባክን እያልኩ ስጨቀጭቀው ስለኖርኩ፣ እኔን ላለማስቀየም ብሎ ይህንኑ ደረጃ በጨለማ መውረድ ለመደ። አንድ ቀን ከመታጠፊያው ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆየ። ሰው ሁሉ አዳልጦት ነው አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያው ቤት ሁለተኛ ሰው ለዚያው ደረጃ አልሰጥም።

የእኔዋ አምፖልም እኮ ኤልኢዲ ናት። ብርሃኗ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፤ ዓይን አትወጋም፤ የእያንዳንዱን መርገጫ ጠርዝ ለይታ ታሳያለች፤ ሰው ቢያዘግምም ቢያርፍም አትጠፋም። ከፓውዛው ጋር ሲተያይ የምትበላው ምንም ማለት ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አላወርዳትም።

ብርሃንዎ በዝቶላት ዓይኗን በሻሽ አሥራ የምትተኛ፣ ውለታዎን ቀንም ሌትም ማየት ግድ የሆነባት፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ አክባሪዎ

ማስታወሻ፦ አቤት ልል ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ወደ ክፍልዎ በሚያስገባው ደረጃ ላይ የተሰቀለውን ቀና ብዬ አየሁ። የእኔዋ ዓይነት ተራ አምፖል ናት። ለሰው ሲያስቡ ራስዎን ረስተዋል።

ግልባጭ፦
— ለልብስ ሰፊው፤ በቀን ብርሃን እንዲያነበው።
— አምፖሏን እንዲነቅል ለሚላከው ሠራተኛ፤ ከሥሯ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል።
— ለባለቤቴ ታላቅ እህት፤ ዓይናቸው ፊደል ስለማይለይላቸው እኔው አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ምንም ሳልዘል አነብላቸዋለሁ።