እምዬ በዘውዱ በዓል የዘፈነችው

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለቢሆነኝ ጓዴ፣
ካለህበት ከአሰብ ይድረስ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? ባለፈው ዓመት አስቸገረኝ ያልኸኝ ሳል ተወህ ወይ? ሙቀቱንስ ለመድኸው? ባለቤትህ የሺእመቤት እንደምን አለች? ትንሿ ልጃችሁስ ቆማ መሄድ ጀመረች? የወደቡ ሥራ እንዴት ነው? እኔ እህትህ ፈንታነሽ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ከዚህ አልፌ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት።

ደብዳቤህ መጀመሪያ ቢቸና ደርሳ፣ ከዚያ በሰው እጅ ወዳለሁበት ወደ ሞጣ ተልካ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት አገኘኋት። አራት መስመር ናት። «ይርሳውን ለገደሉት የዘፈነች ሴት እናቴ አይደለችም፤ ከእንግዲህ ስሜን እንዳትጠራ» ትላለች። ማን እንደ ነገረህ አውቃለሁ፤ ወደ አሰብ የሚመላለሰው ነጋዴ ነው። በበዓሉ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አይቼዋለሁ። ያየውን ነው የነገረህ፤ አልዋሸህም። ነገር ግን እሱ የቆመው ከኋላ ነው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ከዚያ በፊት የሆነውንና ከዚያ በኋላ የመጣብንንም እሱ አያውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ሰምተኸኝ ስታበቃ እንደ ፈቀድህ ፍረድ።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት በእርሻው ግብር ምክንያት አገሩ የታወከ ጊዜ ታናሻችን ይርሳው በሞጣ መንገድ ላይ በመንግሥት ወታደሮች ጥይት ተመትቶ እንደ ሞተ፣ አባባም በዚያው ወር ከሰባት ጎረቤቶቻቸው ጋር ታስረው እንደ ተወሰዱ ጽፌልህ ነበር። እምዬ ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፈችው ግን አልጻፍኩልህም። በወረዳችን በእነማይ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ሙሾ እንድታወርድ እሷን ይጠራ እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ። ያን ክረምት የይርሳው አርባ ሳይወጣ የሰው ልጆች ስታለቅስ ከረመች። በአንድ ሳምንት አራት ቤት የሄደችበት ጊዜ አለ። የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ልጅ የተቀበረ ዕለት ድምፅዋ ተዘግቶ ሦስት ቀን በእጅዋ እያመለከተች ነበር የምታነጋግረኝ። ከዚያ ወዲህ እምዬ አፍዋን ስትከፍት ቢቸና ውስጥ የየቤቱ ሰው የሚሰማው የራሱን ሟች ነው።

ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ፣ የጥቅምት ሃያ ሦስቱ የዘውድ በዓል ትልቅ ሹም ከማርቆስ መጥተው ባሉበት ቢቸና ላይ ይከበራል ተባለ። አገሩ ታርቋል፣ ሕዝቡም ደስ ብሎታል እንዲባል ነው። አዘጋጅ ሆነው የተመረጡት ግራዝማች ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ ሰው የተማሪዎቹን መዝሙርና የፈረሰኞቹን ፉከራ ካሰናዱ በኋላ «የሴትም ድምፅ ይኑርበት» ብለው እምዬን አስጠሯት። እኔም አብሬያት ሄድኩ። እምዬ «እኔ የሙት እንጂ የሹም ዜማ አላውቅም ጌታዬ፤ ሠርግ ላይ እንኳ ዘፍኜ አላውቅም» አለቻቸው። ግራዝማች አልተቆጡም። በርጩማ አስመጥተው አስቀመጧትና ዝግ ብለው «ለበዓሉ ምሕረት የሚደረግላቸው እስረኞች ስም እየተጻፈ ነው። የጓዴን ስም ላስገባው እችላለሁ፤ ግን ባዶ እጄን ሄጄ አስገቡልኝ አልልም» አሏት። እምዬ እጅ ነሥታ ወጣች። በማግሥቱ ጠዋት ላሚቱን እያለበች «የአባትሽ እግር አብጧል አይደል ያሉን?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምክር አልተማከርንም።

ግጥሙን የጻፈው ከሐረር ተዛውሮ የመጣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጻፍ ተባለ፣ ጻፈ። እምዬ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ወንድምዓለም፣ ነጋዴው ያልነገረህን እኔ ልንገርህ፤ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። አሥር ቀን ሙሉ እሷ ጥጥ ስትፈትል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መስመር በመስመር አነበብኩላት። ስትሳሳት አርማታለሁ፤ ስትረሳ አስታውሳታለሁ። ከመስመሮቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

አንተ የቆምህበት አገር መች ይከፋል፣
ጥላህ ያረፈበት ድሀውም ይጠግባል።

ቃሉን ያዘችው። ዜማውን ግን አንድም ቀን አላሰማችኝም፤ «እሱ ያኔ ይመጣል» እያለች ታልፈው ነበር። አባባ የእርሻ ሥራ ሲበዛባቸው እንኳ ከትምህርት ቤት ሳያስቀሩኝ ስድስተኛ ክፍል ያደረሱኝ ለዚህ ኖሯል እያልኩ አዝን ነበር። ግን እንዲፈቱልኝ እፈልጋለሁና ማንበቡን አልተውኩም።

በበዓሉ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ በባሕር ዛፍ ትልቅ ዳስ ተጥሎ ባንዲራ ተሰቅሎበት ነበር። ሹማምንቱ በዳሱ ጥላ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሲዘምሩ እናቶቻቸው እልል አሉ። ፈረሰኞቹ ሲፎክሩ አንዱ ፈረስ ከድምፅ ማጉያው ደንብሮ ጌታውን ጣለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቢቸና ውስጥ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ይሁን እንጂ ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙ ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ በየመካከሉ እየዞሩ «አጨብጭቡ እንጂ!» የሚሉም ነበሩ።

ከዚያ የእምዬ ስም ተጠራ። የተዋሰችውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እጅዋን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆመች። መጀመሪያ ድምፅዋ እምቢ አላት። ቀጥሎ ወጣ፤ የወጣው ሙሾ ነው። ቃሉ ያስጠናኋት ቃል ነው፣ አንዲት አላጎደለችም። ዜማው ግን በይርሳው ሬሳ ላይ ያወረደችው ዜማ ነው። «ያረፈበት» ከሚለው ስትደርስ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ስባ ስባ ሰበረችው።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከፊቴ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ሌሎቹ ሴቶች ከእሳቸው ተቀበሉ፤ በእኛ በኩል ሜዳው ለቅሶ ቤት ሆነ። ከወዲያ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ «እሰይ እምዬ ውበቴ! በቁማቸው ቀበረቻቸው!» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የልጇ አፈር ሳይደርቅ ለእነዚህ ታዜማለች?» አሉና እንትፍ ብለው ከሰው መካከል ወጡ። አስተማሪው ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። ግራዝማች ላብ አጥምቋቸው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ናቸው። ትልቁ ሹም ግን የአገሩን ዜማ አላወቁትም መሰለኝ፤ ሴቶቹ የሚያለቅሱት ከፍቅር ብዛት መስሏቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ግራዝማችም አጨበጨቡ። እምዬም አንድ ቀይ ብርድ ልብስ ተሸለመች።

ወደ ቤት ስንመለስ «ምነው እምዬ፣ በዚያ ዜማ አልሽው?» አልኳት። «ከየት አባቴ ሌላ ላምጣ ልጄ? አፌን ስከፍት የመጣው እሱ ነው» አለችኝ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ቢሆነኝ። ለገዳዮቹ አልዘፈነችም፤ ገዳዮቹንም በቁማቸው አላለቀሰችም። ባሏን ልታስፈታ ቆመች፤ የምታውቀው ዜማ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ይህን ብንናገር ግን ከወዲህም ከወዲያም የሚያምነን አላገኘንም።

አባባ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ተፈቱ። ከስምንቱ እሳቸው ብቻ። የሰባቱ ሚስቶች ወሬውን ሰምተው ደጃችን ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «የእኛዎቹስ?» አሏቸው፤ አባባ በምን እንደ ተፈቱ ገና አልሰሙም ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ነገረቻቸው። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ላጥባቸው ውሃ ሳቀርብ እግራቸውን ሰበሰቡብኝ። እምዬን ቀና ብለው አይተው «ስምንት ሆነን ገባን። ሁለት ዓመት ከእነሱ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተኝቼ በሚስቴ ዘፈን ብቻዬን ወጣሁ። እነዚህን ሴቶች በምን ፊቴ እንደምን አደራችሁ ልበል?» አሏት። እምዬ «እግርህ አብጧል ብለውኝ ነው» አለች። ሦስት ቀን ከእጅዋ እህል አልቀመሱም፤ እኔ ሳቀርብላቸው ይበላሉ። በአራተኛው ቀን ዱላቸውን አንሥተው የጥኖራ መንደር ወዳለችው እህታቸው ሄዱ። እስከ ገበያው ሜዳ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኳቸው። ያስጠናኋትስ እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሰንብቶ ደግሞ የዜማውን ምሥጢር ለትልቁ ሹም የሚነግር ሰው ተገኘ። እምዬን ጠርተው «ማን አስተማረሽ?» እያሉ ሁለት ቀን አመላለሷት። «ቃሉ የእናንተ ነው፣ ዜማው የእኔ ነው» ከማለት በቀር አልተናገረችም፤ የእኔንም ስም አላነሣችም። አስተማሪው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ። በሚሄድበት ዕለት ደጃችን መጥቶ ይቅርታ ቢጠይቃት «አንተ ምን አደረግህ፣ የሰው አገር ልጅ» ብላ ሸኘችው።

ከሁሉ የከፋባት ጥሩምባው ነው። የሞት ጥሩምባ ሲነፋ ነጠላዋን ለብሳ ደጅ ትቆማለች፤ የሚጠራት ይመጣል ብላ። በኅዳር ሁለት ሰው ሞተ፤ ማንም አልመጣም። አንድ ቀን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን መንገድ ላይ አግኝታ እጃቸውን ልትስም ብትጠጋ «የልጄን ሙሾ ለሹም ሰጠሽብኝ ውበቴ። በሬዬን ብትወስጂብኝ ይሻለኝ ነበር» ብለዋት አለፉ። ቤት ስትገባ «ከዚህ አገር እንሂድ» አለችኝ።

ጓዛችንን በአህያ ጭነን፣ በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ አክስታችን ይርጋነሽ ቤት ገባን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። እዚህ ደግሞ ሰዎች እየመጡ «ሹማምንቱን በቁማቸው ያለቀስሻቸው አንቺ ነሽ? እስቲ ለእኛም በይልን» ይሏታል፤ ለሳቅ። እሷ አቀርቅራ ትፈትላለች። የአንተ ደብዳቤ የደረሰችን በዚህ መካከል ነው። አንብቢልኝ አለችኝ። እኔም ሳሉ ተወኝ ይላል፣ ሥራው ደህና ነው ይላል፣ ናፍቃችሁኛል ይላል እያልኩ ከሆዴ አውጥቼ ብዙ አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «ይህን ሁሉ በዚችው በአራት ጭረት ጻፈው?» አለችኝ። አጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

ከጥምቀት በፊት የአክስታችን ጎረቤት እማሆይ አምሳለች ዐረፉ። አክስታችን እምዬን ይዛት ሄደች። ግማሹ «ሙያዋ ነው፣ ትበል» አለ፤ ግማሹ «በሹም ፊት ያዜመች በእማሆይ ላይ አትቆምም» አለ። ሬሳው ፊት ክርክር ሆነ። እምዬ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ቆማ አፍዋን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ቁጭ አለች፣ ሌላ ሴት ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ስጪኝ፣ በሩን ዝጊው ከማለት በቀር እንደ ሰው አትጫወትም።

ወንድምዓለም፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት አንዲት ደግ ቃል ጻፍላት ብዬ ልለምንህ ነበር። እዚህ ስደርስ ግን ብትጽፍላትም ምን እንደሚለወጥ አላውቅም። ሰባቱ ሰዎች አልተፈቱም። አባባ አይመለሱም። ከተቆጣህ ግን በእኔ ተቆጣ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ ነበር። መኪናው ቢቸና ያወርድሃል፤ ቤታችን ተዘግቷል፣ ላሚቱን ለሰው ሰጥተናታል፣ አጥሩንም እየነቀሉ አነደዱት አሉ። የጥኖራ ብትሄድ እምዬ ይከፋታል፤ ሞጣ ብትመጣ አባባ ይከፋቸዋል። ወደ ማን ቤት ግባ እንደምልህ ስለማላውቅ፣ አትምጣ ማለት ይቀለኛል።

ለየሺእመቤት በእኔ ስም ጉንጯን ሳምልኝ። ትንሿን ልጅ ዐይኗን ሳምልኝ። አብሮህ ለሚሠራው ለአገራችን ልጅ ለኃይለ ሚካኤል እናቱ ደህና ናቸው፣ በገና አይቻቸዋለሁ በለው። አክስታችን ይርጋነሽ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ከአባባ ዘንድ የመጣ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እምዬን «ምን ብላሃለች ልበለው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ እንዝርቷን አቁማ «መሽቶብሻል፣ ጨርሺው» አለችኝ።

እህትህ ፈንታነሽ ጓዴ
ሞጣ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.