የኢፍራህን ጥላ ረገጥኩ

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ኢፍራህ አንደኛ። እኔ ሁለተኛ። ደብተሬ፣ ሰለቸህ አይደል? እኔም ሰልችቶኛል።

የጥላ ት/ቤት ስገባ እንደኔ ፈጣን ጥላ ያለው ልጅ አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ሦስቴ ስመታ ጥላዬ ከእግሬ ተላቆ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ይበራል። የሊያ ጥላ ሲባል ከዚራ ሰፈር ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ዘንድሮ ይቺ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጣች፣ አለቀ። ጥላዋ ረጅም፣ ቀጭን። ጠጠር እንኳ አያደናቅፈውም።

በሚቀጥለው ወር ሐረር ውድድር አለ። ከክፍላችን የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ማጣሪያው ቅዳሜ። አቦ፣ እኔ ነኝ የምሄደው!

ረቡዕ፣ የካቲት 5፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ልምምድ ላይ ጥላዬ ኒሙ ዛፍ ስር ገብቶ ቀረ። የዛፍ ጥላ ከዋጠው በራሱ አይወጣም፣ ባለቤቱ ሄዶ ማውጣት አለበት። መ/ር ጀማል ፊሽካውን እየጠረገ ነበር፣ አላየም። ኢፍራህ ግን አየች። መስመሩን ሊያልፍ ሦስት እርምጃ የቀረውን ጥላዋን በፉጨት ጠርታ መለሰችው። የሊያ ተይዟል፣ እንደ አዲስ እንጀምር አለች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት።

እንደ አዲስ ጀመርን። እንደ አዲስ ቀደመችኝ።

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን አንስቼ ሄድኩ። ፈጣን መሆኗ አንሶ ጥሩም ልጅ ትሁን? ለሌላው ሰው ምን ተረፈ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እማ የትናንቱን ከጎረቤት ሰምታለች። ምሳ ላይ ስለ ኢፍራህ ጨዋነት ነገረችኝ። ሁለቴ። አሳዳጊዋ ይባረክ አለች። የእኔስ አሳዳጊ ማን ናት ልላት ነበር። ደግሞ ቤት ጋብዣት አለችኝ። ሞቼ እገኛለሁ!

ቅናት ነው፣ አውቃለሁ። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። መጻፉም አላቀለለኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ 12 ሰዓት

አሸነፍኩ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ሰው የሌላ ሰው ጥላ አይረግጥም። ት/ቤት የገባን ቀን መጀመሪያ የሚነገረን ይሄ ነው። ዛሬ ጥላዎቻችን ጉብታውን ዞረው ወደቆምንበት መስመር ይመለሱ ነበር። የእሷ ይመራል። በአጠገቤ ሊያልፍ ሲል ተረከዜን አሳረፍኩበት። ላፍታ። ለቀቅኩት። የእኔ ገባ።

የመ/ር ጀማል ዓይን መስመሩ ላይ ነበር። ማንም አላየኝም። ጥላ ሲረገጥ ባለቤቱን ያመዋል፤ ኢፍራህ እግሯን ይዛ ቁጭ አለች። ጥላዋ ራሱ ተሰናክሎ ያሳመማት መሰላት። ከዚያ እያነከሰች መጥታ አቀፈችኝ። ሃምባልዮ አለችኝ፣ በሶማሊኛ እንኳን ደስ አለሽ ማለቷ ነው። እግሯ ሲሻላት ለሐረሩ አብራኝ ልትለማመድ ቃል ገባች። እኔም ሳቅኩላት። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 10፤ ከቀኑ 9 ተኩል

ኢፍራህ ከክፍል ቀረች። ባጃጅ የምትጋራት ልጅ ነገረችን፦ ጥላዬ መሰናከል ጀምሯል፣ ከእንግዲህ አይታመንም ብላ ት/ቤቱን ልትተው ነው። አባቷ ደስ ብሎታል አሉ፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ደቂቃ ያህል እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽህም።

ከዚያ ወንዙ ወርጄ ጥላዬን ለቀቅኩት። ቅጣት ጠብቄ ነበር። ምንም የለም፣ እንደ ወትሮው ሮጠ። ተመልሶ እግሬ ስር ሲገባ ግን አለቀስኩ። እኔ እኮ አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም! ብትተው መቼም አልቀድማትም። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆማ ጥፋቱ የጥላዬ ነው ትላለች።

መ/ር ጀማል ስሜን ወደ ሐረር የሚልከው ነገ ጠዋት ነው። ስለዚህ ዛሬ። ሳቢያን የሚሄድ ባጃጅ ጠርቻለሁ። መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለመ/ር ጀማል። ረገጥኩት እላለሁ። ተሳስቼ ነው አልልም።

ይቅር ትለኛለች፣ ወላሂ፣ አውቃታለሁ። በዚያም እቀናባታለሁ። ሄድኩ።